የድምፁ ልክ በማን እጅ ይሁን?



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በየቢሮው፣ በየዶርሙ፣ በየልብስ ስፌት ቤቱ ሰውን ከሰው ሲያኳርፍ ይውላል። ሥራ ላይ ሙዚቃ ይከፈት ወይስ ይዘጋ? አንዱ «ሙዚቃ ከሌለ እጄ አይፈታም» ይላል። ሌላው «ሙዚቃ ካለ አንድ ገጽ እንኳ አላነብም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የንግግሬ ፍሬ ነገርም ሁለቱም እውነታቸውን መሆኑና ከዚህ ተነሥተን ምን ማድረግ እንዳለብን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከአንድ የጦርነት ሰሞን ልጀምር።

ጁን 23 ቀን 1940 ቢቢሲ የፋብሪካ ሠራተኛን ታሳቢ ያደረገ የራዲዮ ፕሮግራም ማሰራጨት ጀመረ። ፓሪስ በጀርመን ጦር እጅ ከወደቀች አሥር ቀን እንኳ አልሞላም፤ ፈረንሳይ የተኩስ አቁም ስምምነቱን የፈረመችው በዋዜማው ነበር። ብሪታንያ ጥይትና አውሮፕላን በብዛት ያስፈልጋታል። ያንን የሚያመርቱት ደግሞ ከማሽን ፊት ቆመው አንድ እንቅስቃሴ ቀኑን ሙሉ የሚደጋግሙ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ሴቶች ነበሩ። «ሚዩዚክ ዋይል ዩ ወርክ» የተባለው ይህ ፕሮግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ በየፋብሪካው በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ይለቀቅ ነበር። እስከ 1967 ድረስም ዘልቋል።

አዘጋጆቹ ያደርጉት የነበረው ጥንቃቄ በእውነት የሚደነቅ ነው። ሙዚቃው ፈካ ያለና ሰው የሚያውቀው ዜማ መሆን አለበት። ድምፁ ከፍ ዝቅ እንዲል አይፈለግም፤ ዝቅ ያለውን ክፍል የማሽኑ ጩኸት ይውጠዋልና። የሚያስተክዝ፣ እንቅልፍ የሚጋብዝ ዘገምተኛ ዜማ አይገባም። ከዘፋኝ ይልቅ ለመሣሪያ ያደላሉ። «ዲፕ ኢን ዘ ሃርት ኦፍ ቴክሳስ» የሚባለው ተወዳጅ ዘፈን ደግሞ ከፕሮግራሙ ታግዷል። ዘፈኑ በመሃሉ ጭብጨባ አለበት፤ ጭብጨባው ሲደርስ ሠራተኞቹ የያዙትን ሥራ ትተው ያጨበጭባሉ፣ በእጃቸው ባለው መሣሪያም ማሽኑን ይደበድባሉ ተብሎ ተፈራ።

እንግዲህ ስለ ሥራው ታስቧል፤ ስለ ሙዚቃውም ታስቧል። ድምፅ ማጉያው ግን ሰውን ከሰው አይለይም ነበር። በአንድ ረድፍ ከቆሙት ሁለት ሴቶች ዜማው አንዷን ሲያነቃቃ ሌላዋን እያዛላት ሊሆን ይችላል። ማጉያው አንድ ነው፣ የድምፁ ልክ አንድ ነው፣ አዳራሹ በሙሉ ያንኑ ይሰማል። በአሜሪካም በዚያው ዘመን ሙዛክ የሚባለው ኩባንያ ለሕንፃዎችና ለፋብሪካዎች በሽቦ ሙዚቃ ይሸጥ ነበር፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙዚቃ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ዝምታ እያፈራረቀ የሠራተኛውን ጉልበት ከፍ ለማድረግ። እዚያም ቢሆን የተቆጠረው ሰዓቱ እንጂ ሰውየው አልነበረም።

ሰውየውን መቁጠር የጀመሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ናቸው።

ካርል ዩንግ በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ የሰውን ጠባይ ኢንትሮቨርትና ኤክስትሮቨርት ብሎ በሁለት ከፈለው። እኔ ለንግግሬ እንዲመቸኝ ቁጥብና ተግባቢ እያልኩ እቀጥላለሁ። ቁጥብ ስል ዓይን አፋር ማለቴ እንዳልሆነ አደራ ያዙልኝ። ዓይን አፋር ሰው ሰው ፊት መቆም ያስፈራዋል። ቁጥብ ሰው ግን ላይፈራ ይችላል፤ መድረክ ላይ ወጥቶ ሺህ ሰው ፊት ይናገራል፤ ሲጨርስ ግን ብቻውን መሆን ይፈልጋል፤ ብዙ ሰውና ብዙ ድምፅ ቶሎ ያደክመዋል። ተግባቢው በተቃራኒው ሰውና ድምፅ ሲበዛለት ይበልጥ ይነቃል። አብዛኞቻችን ደግሞ በሁለቱ መካከል ነን፤ አንዳችን ወደዚህ፣ አንዳችን ወደዚያ እናጋድላለን።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል የሚለውን ጥያቄ በድፍረት ለመመለስ የሞከረው ሃንስ አይዘንክ ነው። አይዘንክ በ1916 በርሊን ተወልዶ፣ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1934 ከሀገሩ ወጥቶ ኑሮውን ብሪታንያ ያደረገ ሰው ነው። በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ የጠባይን ሥር አንጎል ውስጥ ፈለገው። ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ የላይኛውን አንጎል የሚያነቃ የነርቭ መረብ አለ፤ እንቅልፍንና ንቃትን የሚያስተካክል ነው። እንደ አይዘንክ ሐሳብ ይህ መረብ በቁጥብ ሰው ዘንድ ሲፈጥረው ከፍ ብሎ ይሠራል፤ በተግባቢው ዘንድ ዝቅ ብሎ። ስለዚህ ቁጥቡ ምንም ሳይጨመርበት የነቃ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ድምፅ፣ ብርሃን፣ ወሬ ሁሉ በሞላ ዕቃ ላይ እንደሚጨመር ውኃ ይሆንበታል። ተግባቢው ግን ጎደሎውን ከውጭ ይሞላል። ሙዚቃ የሚከፍተው፣ ከሰው ጋር የሚያወራው፣ እግሩን የሚያወዛውዘው ለዚያ ነው።

ይህ ሐሳብ በሎሚም ተፈትኗል። አይዘንክና ባለቤቱ ሲቢል በዚያው በ1967 ያሳተሙት ጥናት ሰዎች ምላስ ላይ አራት ጠብታ የሎሚ ጭማቂ አድርጎ አፋቸው ውስጥ የሚወጣውን ምራቅ በጥጥ ሰብስቦ የመዘነ ነው። ሎሚው አንድ ዓይነት ነው፣ ጠብታው እኩል ነው፤ ቁጥቦቹ ግን ከተግባቢዎቹ የበለጠ ምራቅ አመነጩ። ይህን ምሳሌ የምወደው ጠባይ የምንለው ነገር ከምርጫ በታች እንዳለ ስለሚያሳይ ነው። ምላሱ ላይ ስንት ምራቅ እንዲወጣ የሚወስን ሰው የለም። በድምፅ የሚረበሸውንም ሰው «አትቅበጥ» ማለት ከንቱ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ አሮጌ ሥራ አብሮ ይሄዳል። ሮበርት ይርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ አሜሪካውያን በ1908 አይጦችን ነጭ ሳጥን ከጥቁር ሳጥን እንዲለዩ አስተማሩ፤ ለተሳሳተው አይጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጠዋል። ሳጥኖቹን መለየት ቀላል ሲሆን ንዝረቱ ሲጠነክር አይጦቹ ቶሎ ተማሩ። መለየቱ ከባድ ሲሆን ግን ጠንካራው ንዝረት አደናገራቸው፤ የጠቀማቸው መካከለኛው ነው። ከዚያ ወዲህ ሲነገር የኖረው ነገር ይህ ነው፤ መነቃቃት እስከ አንድ ልክ ድረስ ይጠቅማል፣ ከልኩ ሲያልፍ ይጎዳል፣ ሥራው በከበደ ቁጥርም ልኩ ዝቅ ይላል። ይህን ከአይዘንክ ሐሳብ ጋር ስናገናኘው፣ አንድ ሙዚቃ ተግባቢውን ወደ ልኩ ሲያደርሰው ቁጥቡን ከልኩ አሳልፎ ይገፋዋል ማለት ነው።

ይህ እንግዲህ ሐሳብ ነው። ሐሳብ ደግሞ በሥራ ይፈተናል።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድሪያን ፈርንሃም ይህን ጉዳይ ዓመታት ይዞት ቆይቷል። በ1997 ከባልደረባው ከብራድሊ ጋር ያሳተመው ጥናት ትንሽ ነው፤ አሥር ቁጥቦችና አሥር ተግባቢዎች ብቻ የተሳተፉበት። ግማሾቹ ፖፕ ሙዚቃ እየተከፈተ፣ ግማሾቹ በጸጥታ ሁለት ሥራ ሠሩ፤ ዕቃዎችን አይቶ ማስታወስና አንብቦ መረዳት። ዕቃዎቹን ወዲያው ሲጠየቁ ሙዚቃው ሁለቱንም ወገን ጎዳ። ልብ በሉ፤ ተግባቢው እንኳ አልተረፈም። ከስድስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ሲጠየቁ ግን ልዩነቱ ወጣ። ሙዚቃ እየሰሙ ያዩት ቁጥቦች፣ ሙዚቃ እየሰሙ ካዩት ተግባቢዎችም፣ በጸጥታ ካዩት ቁጥቦችም በግልጽ ያነሰ አስታወሱ። አንብቦ በመረዳትም ያው ሆነ።

በ2002 ከሌላ ባልደረባ፣ ከስትርባክ ጋር ሲመለስበት ተሳታፊዎቹን ወደ 76 አሳደገ፤ 38 ቁጥብ፣ 38 ተግባቢ። በዚህኛው ጥናት ሦስት ዓይነት ሁኔታ ነበር፤ ጸጥታ፣ ጋራዥ የሚባለው የለንደን የዳንስ ሙዚቃ፣ ደግሞም የቢሮ ጫጫታ። ሥራውም ሦስት ነው፤ አንብቦ መረዳት፣ ያነበቡትን መልሶ መናገር፣ በቃል ማስላት። ውጤቱ ሁለት ነገር ነግሮናል። ሙዚቃውም ጫጫታውም ሁሉንም ሰው ከጸጥታው ባነሰ ውጤት አሠርቷል። ቁጥቡ ይበልጥ መጎዳቱ በእርግጠኝነት የታየው ግን አንብቦ በመረዳት ላይ ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ሥራዎች አዝማሚያው ብቻ ነው የታየው። ለኔ ከዚህ ጥናት ትልቁ ነገር ሙዚቃው ከቢሮ ጫጫታ እኩል መቀመጡ ነው። ለከፋቹ ሙዚቃ የሆነው ነገር፣ ሳይጠየቅ ለተከፈተበት ሰው ጫጫታ ነው።

አሁን የማነሳው ጥናት ከሁሉም ይበልጥ ልቤን የሚነካው ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንድቆይበት ፍቀዱልኝ።

ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ራስል ጊን በ1984 ያሳተመው ነው። ጊን ቁጥቦችንና ተግባቢዎችን የቃላት ጥንድ እንዲማሩ አደረገ፤ እየተማሩ በጆሯቸው ድምፅ ይገባል። እስከዚህ ድረስ እንደሌሎቹ ነው። ልዩነቱ የድምፁን ልክ አንዳንዶቹ ራሳቸው እንዲመርጡ መፍቀዱ ነው። ተግባቢዎቹ ከፍ ያለውን መረጡ፣ ቁጥቦቹ ዝቅ ያለውን። የልብ ምታቸው ሲለካ፣ እያንዳንዱ ወገን በመረጠው ልክ ሲሠራ መነቃቃታቸው እኩል ሆነ፤ የሥራ ውጤታቸውም እኩል ሆነ። ከዚያ ልኩን አለዋወጠው። ቁጥቡን ተግባቢው በመረጠው ከፍተኛ ድምፅ ውስጥ ሲያስቀምጠው ልቡ ከልኩ በላይ መታ፣ ሥራውም ተበላሸ። ተግባቢውንም ቁጥቡ በመረጠው ዝቅተኛ ድምፅ ሲያስቀምጠው ሥራው ወረደ።

ይህን እንደ ቀላል አንመልከተው። ቁጥቡ ደካማ አይደለም፤ ተግባቢውም ግዴለሽ አይደለም። በየልካቸው ሲቀመጡ እኩል ናቸው። የሚያበላልጣቸው አንዱ በሌላው ልክ እንዲኖር ሲገደድ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የድምፅ ልክ የሚወስን ሰው፣ ሳያውቀው ማን ጎበዝ ማን ሰነፍ መስሎ እንደሚታይ እየወሰነ ነው። ጸጥታ ፈላጊው ሠራተኛ ክፍት ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ሪፖርቱ ሲዘገይ አለቃው «ችሎታ ይጎድለዋል» ብሎ ይመዘግባል። የጎደለው ችሎታ ሳይሆን በር ሊሆን ይችላል።

እርግጥ ይህ ሁሉ ያለ ክርክር የተቀበልነው ነገር አይደለም፤ ለአድማጭ የሚመቸውን ብቻ መርጬ ብናገር ታማኝነት አይሆንም። ማትስ ኩስነር የተባለ ተመራማሪ በ2017 ጥናቶቹን አሰባስቦ ሲመለከት፣ አንዳንዶቹ የአይዘንክን ሐሳብ ሲደግፉ ሌሎቹ እንደማይደግፉ አሳይቷል። የራሱ የፈርንሃም ሥራዎች እንኳ ሁሉም አንድ አይናገሩም። በአሜሪካ ዊልያም ሬቭልና ባልደረቦቹ በ1980 ባሳተሙት ሥራ ደግሞ ካፌይን ጠዋት ላይ በአንዱ ዓይነት ጠባይ ያሳየውን ውጤት ምሽት ላይ ገልብጦ አሳይቷል፤ ማለትም የአንድ ሰው መነቃቃት ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ሆኖ አይቆይም። ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ለሚፈላባት ሀገር ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። የአይዘንክ ስምም ዛሬ እንደ ዱሮው ንጹሕ አይደለም። ጠባይን ከካንሰርና ከልብ ሕመም ጋር ያያዘባቸውን ሥራዎች ኪንግስ ኮሌጅ ለንደን በ2019 መርምሮ 26 ጽሑፎቹ አስተማማኝ አይደሉም ብሏል። እነዚያ ጽሑፎች ከሙዚቃ ጉዳይ ጋር አይገናኙም፤ ቢሆንም በአንድ ሰው ቃል ብቻ መቆም እንደማይገባ ያስተምሩናል። ስለዚህም ነው ከአይዘንክ ይልቅ ሌሎች ሰዎች ለብቻቸው በፈተኑት ላይ የምደገፈው።

ጠባይ ብቻውን ነገሩን ሁሉ አይፈታውም። የሥራው ዓይነት ቢያንስ እኩል ሚዛን አለው። ዩሊያኔ ኬምፕፌና ሁለት ባልደረቦቿ በ2011 የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ አላቸው፤ ስለ ጀርባ ሙዚቃ የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ ደምረው ሲያዩት አማካይ ውጤቱ ወደ ባዶ የተጠጋ ሆነ። ባዶ ማለት ግን ምንም የለም ማለት አይደለም። የሚጠቅመውና የሚጎዳው ተጣፍቶ ነው። ሙዚቃ ስሜትን ያነሣል፤ ስፖርት ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል፤ ማንበብን ይረብሻል፤ ማስታወስንም በመጠኑ ይጎዳል። «ሙዚቃ ለሥራ ይጠቅማል ወይ?» ብሎ በደፈናው የሚጠይቅ ሰው መልስ የሚያጣው ለዚህ ነው።

ከሙዚቃው ውስጥም ትልቁ ነገር ቃሉ ነው። ሳላሜና ባድሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1989 እንዳሳዩት፣ ቁጥሮችን በተራ ለማስታወስ ለሚሞክር ሰው ዘፈን ከመሣሪያ ሙዚቃ የበለጠ ይረብሻል። ማርቲንና ባልደረቦቿ ደግሞ በ1988 እንዳሳዩት፣ ለሚያነብ ሰው የሚገባው ቋንቋ ከማይገባው ቋንቋ የበለጠ ያሰናክለዋል። አንጎላችን ቃል ሲሰማ መተርጎሙን አይተውም፤ የሚያነበውም ቃል ነው፣ የሚሰማውም ቃል ነው፤ ሁለቱ በአንድ በር ይጋፋሉ።

እዚህ ላይ የኛን ሙዚቃ ሳላነሣ አላልፍም። የአማርኛ ዘፈን ከግጥሙ አይለይም። አዲስ ካሴት በሚወጣበት ዘመን ሰው ግጥሙን ማን እንደጻፈው ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬም አዲስ አልበም ሲወጣ ይጠይቃል። አንድ ስንኝ ሰሙንና ወርቁን እስክንለይ ድረስ ያቆመናል፤ ዘፋኙም ያን ቃል ይዞ ሲያንቆረቁረው ጆሯችን ከሥራችን ጥሎን ይሄዳል። ትዝታ ሲሆንማ ልብንም ይዞ ይሄዳል። በኔ ግምት አማርኛ እያነበበ አማርኛ ዘፈን የሚሰማ ተማሪ፣ ቁጥብም ይሁን ተግባቢ፣ ከሁሉም የከፋውን መርጧል። ጀርባው ላይ ድምፅ የሚፈልግ ከሆነ ዋሽንት አለ፤ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ አለ፤ የሙላቱ አስታጥቄ ቪብራፎን አለ። ቃል ስለሌላቸው ቢያንስ ከሚያነበው ጋር አይጣሉም።

ልማድም የራሱ ድርሻ አለው። በ1975 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ሙዚቃ እየሰሙ ማጥናት የለመዱ ተማሪዎች ካልለመዱት ያነሰ እንደሚረበሹ አግኝቷል። ይህን ለማመን አብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው መጠየቅ ይበቃል። በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ንባብ፣ አንዱ ዜማ፣ አንዱ ቅኔ፣ እያንዳንዱ በራሱ ድምፅ ጮክ ብሎ ይለዋል፤ ማንም ከማንም ጋር አልተስማማም፤ ትምህርቱም ይገባል። ግን እነዚያ ተማሪዎች የራሳቸውን ድምፅ ራሳቸው እያወጡ ነው የሚማሩት። ድምፁ ከነሱ ይወጣል እንጂ አይጫንባቸውም። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

በካናዳ ቴሬሳ ሌሲዩክ በ2005 ያሳተመችው ጥናት ወደዚሁ ያመራል። በአራት ኩባንያዎች የሚሠሩ 56 የሶፍትዌር ባለሙያዎችን ለአምስት ሳምንት ተከታተለቻቸው። ሙዚቃ የሚሰሙት ሲፈልጉ፣ የፈለጉትን፣ በፈለጉት ጊዜ ነው። ሙዚቃው በተወሰደባቸው ሰሞን የሥራቸው ጥራት ወረደ፣ ስሜታቸው ቀዘቀዘ፣ ሥራውም ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ይህ ጥናት ከፈርንሃም ጋር የሚጋጭ ይመስላል። አይጋጭም። በለንደን ሙዚቃውን የመረጠው ተመራማሪው ነው፤ በካናዳ የመረጠው ሠራተኛው ነው።

አያቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር ብዬ አምናለሁ። ከወፍጮ ድንጋይ ፊት ተንበርክካ ስትፈጭ የምታንጎራጉረው ሴት ዘፋኟም አድማጯም እሷ ናት። ክንዷ ሲደክም ዜማውን ታዘገየዋለች፣ ሲበረታ ታፈጥነዋለች፤ ሲከፋት ትተወዋለች። በደቦ አጨዳና በአውድማም ቢሆን አውራጁና ተቀባዩ የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ ዜማው ከእጃቸው ፍጥነት ጋር ይሄዳል። የፋብሪካው ድምፅ ማጉያ ከዚህ የሚለየው ሠራተኛው በዜማው ላይ ሥልጣን የሌለው መሆኑ ነው።

ታዳሚዎች፣ ወደ ኑሯችን ልመለስ። እኛ ሀገር ብቻውን ክፍል ይዞ የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ተማሪ በአንድ ዶርም ያድራል፤ ሳሎኑ የእንግዳ መቀበያም፣ የቴሌቪዥን ቤትም፣ የልጆች ማጥኛም ነው፤ መሥሪያ ቤቶቻችንም ግድግዳ እያፈረሱ ክፍት ቢሮ እየሠሩ ነው። በአንድ ክፍል አንድ ስፒከር ካለ፣ የስፒከሩ ቁልፍ ብዙ ጊዜ በተግባቢው እጅ ይወድቃል። ክፋት ኖሮበት አይደለም። ድምፅ የሚያስፈልገው ሰው ተነሥቶ ይከፍታል፤ ጸጥታ የሚያስፈልገው ሰው ግን ጸጥታን ተነሥቶ ሊከፍት አይችልም። ሌላውን ማዘጋት አለበት፤ ማዘጋት ደግሞ ጠብ ይመስላል።

ይሉኝታችንም ይጨመርበት። «ይረብሽሃል እንዴ?» ብለን ስንጠይቀው ቁጥቡ ሰው «ኧረ ችግር የለም» ይላል። ችግር አለበት፤ ግን ጨዋታ አበላሽ መባልን ፈርቷል። ከዚያ ሥራውን ቤቱ ይዞ ይሄዳል፣ ወይም ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አምሽቶ ይሠራል፤ እኛም ለምን እንደሚያመሽ አይገባንም። ይህ ሁሌም የምንሠራው ግፍ ነው። ደም የሌለበት ስለሆነ አይታየንም እንጂ ግፍ ነው። አንድ ሰው የተማረውን ያህል እንዳይሠራ፣ የሚችለውን ያህል እንዳያስብ ማድረግ ሌላ ምን ይባላል?

ተግባቢውንም አልረሳሁትም። ጸጥ ባለ ክፍል ሲቀመጥ የሚያንቀላፋ፣ ሰው ፈልጎ የሚነሣ፣ ሥራው ተደጋጋሚ ሲሆን የሚሰለች ሰው፣ ድምፅ ሲከለከል እሱም ይጎዳል። ኢርፎን በጆሮው አድርጎ የሚሠራን ሠራተኛ «ሥራ ላይ ይዘፍናል» ብሎ መቆጣት ከላይኛው ጥፋት አይሻልም። የኢርፎኑ ጥቅም ድምፁን ለባለቤቱ ብቻ መስጠቱ ነው።

ስለዚህ የሥራ ኃላፊ የሆናችሁ፣ ክፍት ቢሮ ካላችሁ በዚያው ፎቅ ላይ በር ያለው አንድ ጸጥ ያለ ክፍል አስቀሩ፤ ለስብሰባ ሳይሆን ለሚያነብና ለሚጽፍ ሰው። በጋራ ስፒከር የሚከፈት ሙዚቃ እጅ ብቻ በሚሠራበት ቦታ ካልሆነ በቀር ይቅር፤ እዚያም ቢሆን ሁሉም የተስማሙበት ይሁን። መምህራን፣ አንዱን ተማሪ ያበረታው ዘዴ ለሁሉም ይሠራል ብላችሁ አታስተምሩ። ወላጆች፣ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ የሚያጠናውን ልጅ ከእህቱ ጋር አታወዳድሩት፤ እሱን የሚመቸው ጫጫታ እሷን ሊጎዳት ይችላል። አንዱን ክፍል ማካፈል ካልቻላችሁ ሰዓቱን አካፍሏቸው።

ተማሪዎች፣ ራሳችሁን ፈትኑ። አንድ ምዕራፍ በጸጥታ፣ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ሌላ ምዕራፍ በሙዚቃ አንብቡ፤ በማግስቱ መጽሐፉን ዘግታችሁ የቀረላችሁን ጻፉ። ስታነቡ ደስ ማለቱን ሳይሆን በማግስቱ የቀረውን ተመልከቱ፤ ሙዚቃ ስሜትን ስለሚያነሣ ደስታው ያሳስታል።

ነገ ጠዋት ሥራ ስትገቡ ደግሞ ስፒከሩን ከመክፈታችሁ በፊት አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጠይቁት። «ይረብሽሃል ወይ?» አትበሉት፤ «የለም» ይላችኋል። «ዛሬ የያዝከው ሥራ ምንድን ነው? በጸጥታ ይሻልሃል ወይስ በሙዚቃ?» በሉት። መልሱንም ሳትከራከሩ ተቀበሉት።